ኩቡን ፈጥኖ ስለ መፍታት
(በማኅበሩ አዳራሽ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ መጫወቻ ለመናገር ነው። ይህን ስትሰሙ ፈገግ ብትሉ አንቀየምም፤ በየሌሊቱ የኩባችን ቀጭ ቀጭታ እንቅልፍ የነሣቸው የማደሪያ ጎረቤቶቻችንም እዚሁ ተቀምጠዋልና ይቅርታ እንጠይቃለን።

ኩቡን የፈጠረው ኤርኖ ሩቢክ የተባለ ሃንጋሪያዊ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1974 በቡዳፔስት ከተማ የሥነ ሕንፃ መምህር ሳለ ነበር። የገዛ ሥራውን አዟዙሮ ቀለሙን ካዘበራረቀ በኋላ ወደ ነበረበት ለመመለስ አንድ ወር ያህል ደክሞበታል። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ሞክሮ ያቃተው ቢኖር፥ ባለቤቱንም አስጨንቆት ነበርና አይፈር። ኩቡ የሚይዛቸው ልዩ ልዩ አቀማመጦች ብዛት 43 ተጽፎ ከኋላው 18 አሃዞች የሚከተሉት ቁጥር ነው። ይህም ሆኖ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በኮምፒውተር ረዳትነት እንዳረጋገጡት፥ ከማናቸውም አቀማመጥ ተነሥቶ ከ20 በማይበልጥ እርምጃ መጨረስ ይቻላል። የእኛ እጅ ግን ስድሳ ያህል ይፈጃል።

የምንከተለው መንገድ በጄሲካ ፍሪድሪክ ስም የሚታወቀው ነው። በመጀመሪያ ከታች መስቀል እንሠራለን፤ ቀጥሎ ማዕዘኑን ከጠርዙ ጋር እያጣመርን ሁለቱን ደርቦች እንሞላለን፤ ከዚያም የላይኛውን ገጽ አንድ ቀለም አድርገን፥ በመጨረሻ ቁራጮቹን በየቦታቸው እናስገባለን። ለመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች 57 እና 21 ቀመሮች አሉ።

እነዚህን 78 ቀመሮች ሌሊት ከቀን እንደ ዳዊት ደገምናቸው። ነገር ግን ከአርባ ሰከንድ በታች መውረድ አቃተን። ጣታችን እንዲፈጥን ብለን በጉልበት አዞርን፤ ኩቡ ተንገጫገጨ እንጂ ሰዓቱ ንቅንቅ አላለም። በኋላ አንዱ ጓደኛችን እጃችንን በስልኩ ቀርጾ ቢያሳየን ነገሩ ተገለጠልን። እያንዳንዱን ጥንድ ካስገባን በኋላ የሚቀጥለውን ፍለጋ ሁለት ሁለት ሰከንድ ደርቀን እንቆም ኖሯል። የዘገየው ዓይናችን ነበር።

እንግዲህ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ማዞር ሆነ። እጅ አንዱን ጥንድ ሲያስገባ ዓይን ሌላውን ይፈልግ ዘንድ፥ ሳይቆሙ ግን በዝግታ መሄድ። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ሃምሳ ሰከንድ ተመለስን፤ እውነቱን ለመናገር ልንተወው ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ግን አብዛኞቻችን ሠላሳ ገባን። በውድድር ላይ ከመጀመር በፊት ኩቡን ለመመርመር የሚፈቀደውን 15 ሰከንድም መስቀሉን ከዳር እስከ ዳር ለማሰብ እንጠቀምበታለን፤ ቀድሞ ዝም ብለን እናፈጥበት ነበር።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን እንናገር። በክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈን ነበር፤ የምንጽፍበትም ምርጥ ሰዓታችንን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ዕድል ቀንቶን የወጣው 19 ሰከንድ ከላይ ተጽፎ ይታያል። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ መጥቶ ይህን አየና ሁላችንም በየዕለቱ 19 የምንፈታ መሰለው። ለሦስት ሳምንት ብቻውን ታገለ። ከዚያ «የእኔ እጅ አይታዘዝም» ብሎ ኩቡን መለሰልንና ሄደ። ወረቀቱ ውሸት አልነበረበትም፤ ልጁ ግን በእኛ ተታለለ።

የውድድሩ ሕግ ከእኛ ይልቅ ሐቀኛ ነው። አምስት ጊዜ ተፈትቶ ምርጡና መጥፎው ይጣሉና የቀሩት ሦስቱ አማካይ ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ1982 በቡዳፔስት በተደረገው የዓለም ውድድር ሚን ታይ በ22.95 ሰከንድ አሸነፈ፤ በ2023 ማክስ ፓርክ በ3.13 ሰከንድ ፈታው። እንዲህ ያለው ነጠላ ሰዓት ያስደንቃል፤ የሰውን ልምምድ የሚለካው ግን አማካዩ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ወረቀት ቀደን አምስቱንም ሰዓት፥ ኩቡ ከእጃችን የወደቀበትን እንኳ ሳይቀር መጻፍ ጀመርን። ለልጁም አዲሱን ወረቀት ወስደን አሳየነው። ኩቡን ተቀብሎናል፤ ይምጣ አይምጣ ግን ገና አልነገረንም።

አሁን በፊታችሁ አምስት ጊዜ እንፈታለን። ከመምህራን አንዱ ሰዓቱን ይያዝልን፤ ሌላው ደግሞ አምስቱንም በሰሌዳው ላይ ይጻፍልን።