አይጥና ማድ ቤታችን፦ ከመርዙ በፊት ክዳኑ

(በሬድዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም

ምስጋና ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



የዛሬው ርዕሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። ርዕሳችን አይጥ ነው። «ኡስታዝ፣ ስንት ትልቅ ጉዳይ እያለ ስለ አይጥ?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ዲናችን ከዓቂዳ ጀምሮ እስከ ምግብ ዕቃ ክዳን ድረስ ያስተማረን ዲን ነው። አንዲት እህታችን የላከችልን ጥያቄም ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ያሳያል። «ማድ ቤታችን አይጥ በዝቶበታል። ባለቤቴ መርዝ ገዝቶ ምድጃው ስር ሊበትን ነው። እኔ ደግሞ ገና የሚድህ ልጅ አለኝ። አይጥን መግደል ይፈቀዳል? መርዙንስ ምን ትሉናላችሁ?» ብላለች።

እህቴ፣ አላህ ልጅሽን ይጠብቅልሽ። መጀመሪያ ሑክሙን እንመልከት።

አይጥን መግደል የተፈቀደ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አይጥ በሐረም ክልል ውስጥ እንኳ ቢሆኑ ከሚገደሉት አምስት ጎጂ እንስሳት መካከል ተቆጥራለች። ስለዚህ ቤቱን ከአይጥ የሚያጸዳ ሰው ወንጀል የለበትም፤ እንዲያውም ከቤተሰቡ ላይ ጉዳት እየተከላከለ ነው።

ሆኖም ግን ለመግደል መፈቀዱ ለማሰቃየት ፈቃድ አይደለም። ሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገና ስንገድልም አገዳደላችንን ማሳመር እንዳለብን ተምረናል። በእሳት መቅጣትም የእሳቱ ጌታ ብቻ እንጂ የማንም ድርሻ እንዳልሆነ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። በአንዳንድ ሰፈር ልጆች በወጥመድ የተያዘችን አይጥ ነጭ ጋዝ አርከፍክፈው ሲያቃጥሉ ትልልቆቹ ቆመው ይስቃሉ። ይህ ክልክል ነው፤ ለልጁም ልብ ድርቀትን ያስተምራል። በሙጫ የሚይዘውም ወጥመድ እንስሳዋን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት በረሃብና በጥም የሚያቆይ በመሆኑ መራቁ ይሻላል። ድመት አስራ፣ ምግብም ከልክላ በገደለች ሴት ላይ የደረሰው ዛቻ ለሁላችንም ማስጠንቀቂያ ነው። ባንድ ምት የሚገድለው የሽቦ ወጥመድ ለኢሕሳን የቀረበ ነው።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ብዙዎቻችን አይጥ ስናይ ቀድሞ የሚመጣልን መርዝ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለቤታችን ያስተማሩን የምሽት ሥርዓት ግን በክዳን ይጀምራል። ጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ሲመሽ በራችንን እንድንዘጋ፣ የአላህን ስም እያወሳን ዕቃችንን እንድንከድን፣ ክዳን ቢጠፋ እንኳ እንጨት እንድናጋድምበት፣ ስንተኛም መብራቱን እንድናጠፋ ታዘናል። መብራቱን ለማጥፋት የተጠቀሰው ምክንያት አይጥ ናት፤ ክሩን ጎትታ ቤቱን በሰዎቹ ላይ ልታቃጥል ትችላለችና። ዛሬ ፋኖሱ በኤሌክትሪክ ተተክቷል፤ አይጥ ግን ዛሬም የኤሌክትሪክ ሽቦ ትገዘግዛለች፣ እሳትም ይነሳል። የፊት ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድጉ መገዝገዝ አትተውም።

ይህን ሱና በማድ ቤታችን እንዴት እንሥራበት?

አንደኛ፣ ምግቡን እንከልክላት። ትንሿ የቤት አይጥ በቀን 3 ግራም ያህል ምግብ ይበቃታል። ይህ ማለት ምንጣፍ ላይ የቀረ ፍርፋሪ ለአንድ ቤተሰብ አይጥ ራት ነው። ዱቄቱ፣ ሽሮው፣ በርበሬውና ምስሩ በኬሻ ወይም በላስቲክ ከተቀመጠ ቀዳ ትገባለች። ጥብቅ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ወይም በርሜል ይቀመጥ። መሶቡ ይከደን፣ ከመሬትም ከፍ ይበል። የእራት ሳህን ሳይታጠብ አይደር፤ ቆሻሻው ማታውኑ ይውጣ። በተለይ በረመዷን ከኢፍጣር የተረፈው ሳምቡሳና ተምር «ለሱሑር ይሆናል» ተብሎ ሳይከደን ያድራል። በዒድ አል-አድሓም ቆዳውና የአንጀቱ ትራፊ ግቢ ውስጥ ይሰነብታል። እኛ በዒባዳ ስንተጋ ቤታችን የአይጥ ድግስ ቤት እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

ሁለተኛ፣ ቀዳዳውን እንድፈን። ትንሿ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ክፍተት፣ ማለትም እርሳስ በሚያሾልክ ቀዳዳ ትገባለች። በመብራት ከግድግዳው ስር፣ የውሃ ቧንቧ ከሚገባበት፣ ከኮርኒሱ ጠርዝና ከበሩ ስር ፈልጉ። ጨርቅና ወረቀት አይበግራትም። የድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቃችሁ በላዩ ሲሚንቶ ለስኑበት። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ግርጌውን በድንጋይና በሲሚንቶ ማጠንከር ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ወጥመድ እናኑር። አይጥ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው፤ ስለዚህ ወጥመዱ መሀል ወለል ላይ ሳይሆን የማጥመጃው ጫፍ ከግድግዳው ጋር ተገናኝቶ ይቀመጥ። ምግቡ ትንሽ ይሁን፤ የለውዝ ቅቤ ወይም በክር የታሰረ ቁራጭ ሥጋ ይበቃል። ትልቁ አይጥ አዲስ ነገር ይፈራል። ለእርሱ ወጥመዱን ሳታጠምዱ ምግብ ብቻ አድርጋችሁ ሦስት አራት ቀን አለማምዱት፣ ከዚያ አጥምዱ። አንድ ብቻ ሳይሆን በርካታ ወጥመድ ባንድ ሌሊት ማኖር ይመረጣል። ምክንያቱም የትንሿ አይጥ እርግዝና ሦስት ሳምንት ገደማ ነው፤ ባንድ ጊዜ አምስት ስድስት ትወልዳለች፣ ልጆቿም በስድስት ሳምንት ግድም ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። በሳምንት አንድ የሚይዝ ሰው ወደ ኋላ ይቀራል። ወጥመዱ የልጅ እጅ የማይደርስበት መሆኑን አትርሱ።

ድመትም ረዳት ናት፤ ምራቋም ነጃሳ አይደለም፤ በዙሪያችን ከሚመላለሱት መካከል መሆኗ በሐዲስ ተነግሯል። ግን ምግቡ ክፍት በሆነበት ቤት ድመት ብቻዋን አትበቃም።

አሁን ወደ መርዙ ልመለስ። በየገበያው የሚሸጠው የአይጥ መርዝ አንድ ዓይነት አይደለም። ጥቁር ግራጫ ዱቄት የሆነው ዚንክ ፎስፋይድ ጨጓራ ውስጥ ሲገባ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት ደግሞ ምልክቱ ከቀናት በኋላ ስለሚታይ ልጁ ደህና መስሎ ይሰነብታል፤ ለዚህኛው ሐኪም ዘንድ የሚሰጥ ቫይታሚን ኬ አለ። ለእህል ነቀዝ የሚሸጠውን የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ኪኒንማ ሰው በሚተኛበት ቤት ለአይጥ ብሎ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። እርጥበት ሲያገኘው የሚያወጣው ጋዝ የተኛውን ቤተሰብ ይገድላል።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላል ያገራችን ሰው። አይጥ ላጠፋችው ሕጻን ልጅ እንዳይከፍል! የሚድህ ልጅ ያገኘውን ወደ አፉ ይከታል። መርዝ ከዱቄት ጋር ተለውሶ ምድጃ ስር ሲቀመጥ በእርሱ ዓይን ምግብ ነው። ጉዳት ማድረስም በጉዳት መመለስም እንደሌለ ከሸሪዓችን መሠረቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ለእህታችን ባለቤት የምለው ይህ ነው፦ ወንድሜ፣ ለቤተሰብህ አስበህ ነውና አላህ ይመንዳህ፤ ነገር ግን ሕጻን ባለበት ማድ ቤት መርዝ አትበትን። የግድ ካስፈለገ ስሙ የተጻፈበትን ብቻ፣ በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ፣ ከማድ ቤት ውጪ ይሁን። በመርዝ የሞተችውን አይጥም ቅበራት፤ የጎረቤት ድመት ከበላቻት እርሷም ልትመረዝ ትችላለችና።

አላህ አይበለውና ልጅ መርዝ ከቀመሰ፣ ወተት አጠጥቶ ቤት ማቆየት ወይም ጣት ከትቶ ማስመለስ ስህተት ነው። ደህና ቢመስልም የመርዙን ማሸጊያ ይዛችሁ ወዲያውኑ ቅርብ ወዳለ ሐኪም ቤት ሩጡ።

አይጥ ምግብ ውስጥ ብትሞትስ? መይሙና (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ቅቤ ውስጥ ስለወደቀች አይጥ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተጠይቀው እርሷና በዙሪያዋ ያለው ተጥሎ ቀሪው እንዲበላ ፈቅደዋል። ይህ የረጋ ቅቤ ላይ ነው። ዘይትና ወጥን በመሰለ ፈሳሽ ላይ ግን አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ሁሉም ይነጀሳል ብለዋል፤ ለጤናም ቢሆን መድፋቱ ነው የሚበጀው። የረጋውም ቢሆን ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም። ለጤናው የፈራ ሰው ቢተወው አይወቀስም።

ኩሱን ስታጸዱ በደረቁ አትጥረጉ፤ አቧራው በትንፋሽ ይገባል። መስኮቱን ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አርሱት፣ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ በጨርቅ አንሱት። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

በመጨረሻም፣ አይጥ የቤት ቁጥር አታውቅም። እኔ ቀዳዳዬን ደፍኜ ቆሻሻዬን በጎረቤቴ አጥር ስር ካፈሰስኩ፣ በሽታዬን ወደ እርሱ ቤት ላክሁ ማለት ነው። የጎረቤት ሐቅ ምን ያህል የከበደ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በግቢያችሁ፣ በኮንዶሚኒየማችሁ፣ በእድራችሁ ተመካከሩና በአንድ ሳምንት አብራችሁ አጽዱ። ሙስሊም ይሁን ሌላ ጎረቤት ጎረቤት ነው።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት «ቢስሚላህ» ብላችሁ አንድ ዕቃ ክደኑ፤ ልጆቻችሁም ይዩአችሁ። ትንሽ ሥራ ነው፤ ሱና ነውና አጅር አለው፣ ልጅም ያድናል።

አላህ ቤቶቻችንን ንጹሕ፣ ሲሳያችንን ሐላል፣ ልጆቻችንን ጤነኛ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።