እጅሽ ይፈጥናል፣ ዓይንሽ ግን ይቆማል
(በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ደውሎ «ከሙያሽ ውጭ ስላለሽ ነገር ተናገሪ» ሲለኝ ደነገጥኩ። ሐኪም ከሙያው ውጭ ምን አለው? እንቅልፍ እንዳልል እሱም የለንም። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ነገር ትዝ አለኝ። ይኸውላችሁ። ከኋላ ላላችሁት ላይታያችሁ ይችላል፤ የሩቢክ ኪዩብ ነው። ብዙዎቻችሁ ቤት ልጆች ጥለውት ከሶፋ ሥር ይገኛል። እኔ ግን በ44 ዓመቴ በሰከንድ እየለካሁ እፈታዋለሁ። እስካሁን ምርጡ ሰዓቴ 34 ሰከንድ ነው። አታጨብጭቡ፤ ልጄ በ15 ሰከንድ ይፈታውና ይስቅብኛል።

ያስጀመረኝም እሱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ጊዜ እኔም ከሥራ ላይ ተይዤ ለሁለት ሳምንት አንድ ክፍል ውስጥ ተዘጋሁ። ልጄ ያኔ 10 ዓመቱ ነበር። ምግብ በሬ ላይ ሲያስቀምጥልኝ አንድ ቀን ከትሪው ጎን ኪዩቡንና በእርሳስ ቀስት የተሣለበት ወረቀት አገኘሁ። እሱ ኮሪደሩ ላይ፣ እኔ ከበሩ ወዲህ መሬት ላይ ተቀምጠን፣ በር ለበር አስተማረኝ። በ11ኛው ቀን ስድስቱም ፊት ሲሞላልኝ ያለቀስኩት ለኪዩቡ እንዳልነበረ የምትረዱኝ ይመስለኛል።

ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። ኪዩቡን በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት እ.ኤ.አ. በ1974 የፈለሰፉት ኤርኖ ሩቢክ የሥነ ሕንፃ ሰውና መምህር ነበሩ። ካዘበራረቁት በኋላ የገዛ ሥራቸውን መልሰው ለማስተካከል አንድ ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ከውጭ የሚታዩት ቁራጮች 26 ናቸው፤ 6 የመሃል፣ 12 የጠርዝ፣ 8 የማዕዘን። የመሃሎቹ እርስ በርስ ቦታ አይቀያየሩም። ሌሎቹ 20ዎቹ ግን ከ43 ኩንቲሊዮን በሚበልጥ መንገድ ሊዘበራረቁ ይችላሉ፤ 43 ጻፉና 18 ዜሮ አስከትሉ። እንዲያም ሆኖ፣ የቱንም ያህል ቢዘበራረቅ 20 ጊዜ ከማዞር በላይ እንደማያስፈልገው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በኮምፒዩተር አረጋግጠዋል።

በፍጥነት መፍታቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ቡዳፔስት ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው የቬትናም ተወላጁ አሜሪካዊ ሚን ታይ ሲሆን የፈጀበት 22.95 ሰከንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካዊው ማክስ ፓርክ በ3.13 ሰከንድ ፈታው። ማክስ ኦቲዝም ያለበት ወጣት ነው፤ ወላጆቹ ኪዩብ ያስያዙት ጣቶቹን እንዲያፍታታበት ብለው ነበር። ይህ ብቻውን ሌላ ንግግር ይወጣዋል፤ ለዛሬ ልለፈው።

አብዛኛው ተወዳዳሪ የሚጠቀምበት ዘዴ አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ በአንዱ ፊት ላይ መስቀል ይሠራል። ቀጥሎ የማዕዘንና የጠርዝ ቁራጮች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ የታችኞቹን ሁለት ደርቦች ይሞላሉ። ከዚያ የላይኛው ፊት አንድ ቀለም ይሆናል። በመጨረሻ የላይኞቹ ቁራጮች ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ለሦስተኛው ደረጃ 57፣ ለአራተኛው 21፣ በድምሩ 78 ፎርሙላ አለ። ፎርሙላ መሸምደድ ደግሞ የማን ሥራ ነው? የእኛ! አናቶሚን የሸመደደ ሰው ይህ ያቅተዋል? በጥቂት ወራት ጨረስኩት። ሰዓቴ ግን ከአንድ ደቂቃ ፈቅ አልል አለ።

አንድ ምሽት ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያየኝ ቆየና፣ «እማዬ፣ እጅሽ ይፈጥናል፣ ዓይንሽ ግን ይቆማል» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«አንዱን ጥንድ በጣም ቶሎ ታስገቢያለሽ፤ ከዚያ ቆመሽ ቀጣዩን ትፈልጊያለሽ። ሰዓትሽን የሚበላው መቆምሽ ነው። ቀስ ብለሽ አዙሪ፤ እጅሽ ሲያዞር ዓይንሽ ቀጣዩን ይፈልግ።»

እንዳለኝ አደረግሁ። እስኪያስጠላኝ ድረስ ቀስ እያልኩ አዞርኩ። በወሩ ሰዓቴ ወደ 48 ሰከንድ ወረደ።

የልጄ ንግግር ግን የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝ። ዛሬ እዚህ የቆምኩትም እሱን ለመናገር ነው።

የባቼ ልጆች ታስታውሱኛላችሁ። በዚህ ግቢ የምታወቀው በፍጥነቴ ነበር፤ ራውንድ ላይ ጥያቄው ሳያልቅ እጄ ይነሣል። ተመርቄ በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ በአንድ የክረምት ሌሊት አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ልጅቷ በጣም በፍጥነት ትተነፍሳለች፤ ትንሽ ትኩሳትም አላት። ገና ከበሩ ሳያልፉ «የሳንባ ምች» ብዬ ጨርሻለሁ። ደረቷን አዳመጥኩ፤ ንጹሕ ነበር። ንጹሕ መሆኑን በጆሮዬ ሰማሁ፣ ግን አላቆመኝም። ኦክስጅንና አንቲባዮቲክ አዝዤ ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፍኩ። እጄ እንዴት ፈጣን ነበር መሰላችሁ!

ከአራት ሰዓታት በኋላ ተረኛ የነበሩት አንጋፋ ሲስተር ጠሩኝ። «ዶክተር፣ ይቺ ልጅ ውሃ ውሃ ትላለች። እናትየዋም ‹ሰሞኑን ሌሊት እየተነሣች ስትሸና ነው የከረመችው› ትላለች። ስኳሯ ታይቷል እንዴ?»

አልታየም። አንድ ጠብታ ደም፣ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ጊዜ ነው። መለኪያው ቁጥር መስጠት አቅቶት ከልክ በላይ መሆኑን ብቻ አሳየ። ልጅቷ የሳንባ ምች አልነበረባትም። የስኳር ሕመም ነበረባት፤ ደሟ አሲድ በዝቶበት፣ ሰውነቷ ያን አሲድ በትንፋሽ ለማቃለል እየታገለ ነበር። ንጋት ላይ ራሷን ሳተች። ዓይኗን የገለጠችው በሦስተኛው ቀን ነው።

ተረፈች። ያተረፏት ግን ሲስተሯ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። እናትየዋ ልጇን ይዛ ስትወጣ እግሬ ላይ ወድቃ መረቀችኝ። እውነቱን አልነገርኳትም። ያን ምርቃት እስከ ዛሬ እንደ ዕዳ ተሸክሜዋለሁ፤ በአደባባይ ስናገረውም ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ዕውቀት አልጎደለኝም። ስለዚህ ሕመም ፈተና ላይ ገጽ ሙሉ ጽፌያለሁ። የጎደለኝ ማየት ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን የፈሰሰው ሁልጊዜ አይለቀምም።

በኪዩብ ውድድር አንድ ደንብ አለ። ተወዳዳሪው ሰዓቱ ከመነሣቱ በፊት ኪዩቡን እስከ 15 ሰከንድ እንዲያይ ይፈቀድለታል። አንሥቶ ማገላበጥ ይችላል፤ አንዲት ጎን ማዞር ግን አይችልም። 8ኛውና 12ኛው ሰከንድ ላይ ዳኛው ድምፁን አሰምቶ ያስታውሰዋል። እስቲ አስቡት፤ በ3 ሰከንድ ለሚጨርስ ሰው 15 ሰከንድ ማያ ይሰጠዋል። ለማየት የተፈቀደው ጊዜ ለመሥራት ከሚፈጀው አምስት እጥፍ ነው።

ይህን ደንብ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዤው ገባሁ። ልቡ የቆመ ሰው ሲመጣ አይደለም፤ እዚያ እጅ ይቀድማል። ሌላው ታማሚ ጋ ግን አልጋው ግርጌ እቆማለሁ፤ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ በልቤ እስከ 15 እቆጥራለሁ። አተነፋፈሱን፣ ከንፈሩን፣ የቆዳውን ቀለም፣ የአስታማሚውን ፊት አያለሁ። ከዚያ ራሴን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ «ከያዝኩት ሐሳብ ጋር የማይሄደው የትኛው ነው?» ያን ሌሊት ይህን ጠይቄ ቢሆን ንጹሑ ደረት ይመልስልኝ ነበር።

ሌላም ነገር ተምሬበታለሁ። አንድ ቀን ኪዩቡ ከእጄ ወደቀ። አንሥቼ ብሞክር፣ ፎርሙላውን ብደጋግም፣ አንድ ማዕዘን እምቢ አለኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ታገልኩት። ልጄ አየት አደረገውና «ማዕዘኑ እኮ ተጠምዝዟል» አለኝ። ለካ አንድ የማዕዘን ቁራጭ ቦታው ላይ እንዳለ ከተጠመዘዘ፣ የዓለም ፎርሙላ ሁሉ ቢደረደር ኪዩቡ አይፈታም። ኪዩቡን ቁራጭ በቁራጭ በታትናችሁ እንደመጣላችሁ ብትገጣጥሙት እንኳ፣ የሚፈታ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ከ12 አንድ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ደጋግሞ እምቢ ሲለኝ፣ መጠኑን ከመጨመሬ በፊት ወደ መነሻው እመለሳለሁ። ናሙናው የማን ነው? ፖታሲየሙ ከፍ ያለው ታማሚው ውስጥ ነው ወይስ ደሙ ሲቀዳ ሴሎቹ ፈርሰው?

እንዳላጋንን ደግሞ እፈራለሁ። ኪዩብ የሚፈታ ሐኪም የተሻለ ሐኪም ነው አላልኩም። ኪዩብ አይሞትም፣ እናት የለውም፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስድስት ሆኖ በአንድ ጊዜ አይመጣም። የምወደውም ለዚህ ነው። ስሳሳት አዘበራርቄ እንደገና እጀምራለሁ። በቀን ሃያ ጊዜ ብሳሳት ማንም አይጎዳም። ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ያስፈልጋል።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ራውንድ ላይ ጥያቄ ጠይቃችሁ፣ እጁን ቀድሞ ወዳነሣው ተማሪ ከመዞራችሁ በፊት 15 ሰከንድ ዝም በሉ። ቀድማ ያነሣችው እኔን የመሰለች ልትሆን ትችላለች። ከኋላ ዝም ያለችው ደግሞ ታማሚውን እያየች ይሆናል። ከአልጋው ማዶ የቆሙትን ሲስተርም ምን እንዳዩ ጠይቁ። ተማሪው ስትጠይቁ ይይ፤ እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ለባቼ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የእኔ የ9 ዓመት ልጅ ናት፤ የእናንተን አላውቅም፣ ግን እያንዳንዳችን አንድ አንድ እንዳለን እገምታለሁ። ዛሬ እራት ላይ የምናወራው ስላዳንናቸው ብቻ አይሁን።

ኪዩቡን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትቼዋለሁ። እንደፈለጋችሁ አዘበራርቁት፤ ከሻይ በኋላ እፈታዋለሁ። መጀመሪያ ግን ቆሜ አየዋለሁ።