አውራ ዶሮን በደኅናው ቀን መጠበቅ

ደብተርና እርሳስ አጠገባችሁ አለ? በንግግራችን መጨረሻ የምንጽፈው ነገር ስላለ፣ ሩቅ ከሆነ ልጆቹን ላኩና አስመጡት።

የዛሬው ንግግራችን ስለ አውራ ዶሮ ጤና ነው። አንዳንዶቻችሁ «ዶሮ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልጋታል? ጭራ ታድራለች» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጭራ ታድራለች። ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆጡ ባዶ ሲቀር አይታችሁ አታውቁም? እኔ አይቻለሁ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ አንድ ቀይ አውራ ዶሮና ዘጠኝ ሴት ዶሮዎች ነበሯት። ጨው የሚገዛው፣ ላምባ የሚገዛው፣ የኔም ደብተር የሚገዛው ከዕንቁላሉ ነበር። አውራ ዶሮው ሲጮኽ እናቴ ተነሥታ እሳት ታነድዳለች። በቤታችን ሰዓት ማለት እሱ ነበር። አንድ ዓመት ለገና ሰሞን አባቴ ከገበያ ሁለት ዶሮ ገዝቶ ገባ። አንዷ ላባዋን ነፍታ ታንቀላፋለች። «መንገዱ አድክሟት ነው» ተባለና ከኛዎቹ ጋር ቆጥ ላይ ወጣች። ከሦስት ቀን በኋላ ሞተች። ሳምንት ሳይሞላ ከኛዎቹ አንዷ ተከተለች፤ ከዚያ ሦስት ባንድ ቀን። በመጨረሻ የአውራ ዶሮው አንገት ተጠማዘዘ፤ ክንፉ ወደ መሬት ወረደ። በማግሥቱ ሌሊት አልጮኸም። እናቴ «ዓይን በላብኝ» ብላ አለቀሰች።

ዓይን አልነበረም። ፈንግል ነበር።

ፈንግል ምንድን ነው? በዓይን የማይታይ፣ ቫይረስ የሚባል በጣም ትንሽ ተሐዋሲ የሚያመጣው የዶሮ በሽታ ነው። የውጭ አገር ሰዎች ኒውካስል ይሉታል። ኒውካስል በእንግሊዝ አገር ያለች ከተማ ስም ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1926 በሽታው እዚያ አካባቢ ስለ ታየ ስሙ ተለጠፈበት። የያዘው ዶሮ ያንቀላፋል፤ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤ አረንጓዴ ያስቀምጠዋል፤ አንገቱ የሚዞርበትም አለ። ምንም ምልክት ሳያሳይ ወድቆ የሚገኝም አለ። በሽታው በኩሱ፣ በትንፋሹ፣ በመጠጫው፣ በጫማችንና በገበያ ቅርጫት ይተላለፋል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ፈንግል መድኃኒት የለውም። ሎሚ ይጨመቅለታል፤ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ይወቀጥለታል፤ አረቄ ይጋታል። ለሰው የታዘዘ እንክብል ፈልቅቀው የሚያጠጡም አሉ። እንክብሉ ቫይረስ አይገድልም። ገንዘቡ ይጠፋል፤ ዶሮውም ይሞታል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ያለው አውራ ዶሮው ቀይና ደማቅ ሆኖ ግቢውን በሚያምስበት በደኅናው ቀን ነው። ያን ቀን ዶሮውን ይዞ ማስከተብ ለብዙ ሰው ሞኝነት ይመስለዋል። እኔ ግን ስመክር የኖርኩት ይህንኑ ነው።

ክትባቱ ጠብታ ነው። በዓይን ይደረጋል። መርፌ የለውም። ለአውራ ዶሮውም፣ ለሴቷም፣ ለጫጩቷም መጠኑ እኩል ነው፤ በአንድ ዓይን አንድ ጠብታ። አንዱ ሰው ዶሮውን ይይዛል፤ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ያጋድማል። ሌላው ጠብታውን ያደርግና ዶሮው ዓይኑን እስኪያርገበግብ ይጠብቃል። ወዲያው ከለቀቃችሁት ራሱን ያራግፍና ክትባቱ መሬት ይቀራል። ጥሩው ጊዜ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። ቀን ላይ አውራ ዶሮ እያባረሩ መያዝ ለሠፈር ልጆች ጨዋታ ነው እንጂ ለሥራ አይመችም።

አሁን ችግሩ ይህ ነው፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው። ለአንድ ቤት አሥር ዶሮ ተብሎ ከተከፈተ የቀረው ይበላሻል። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት መነጋገር ያስፈልጋል። አሥር ቤት፣ አሥራ አምስት ቤት በአንድ ጧት ያስከትብ። ገንዘቡም ተካፍለው ሲከፍሉት ይቀላል። ደግሞ የናንተ ዶሮ ተከትቦ የጎረቤት ዶሮ ካልተከተበ በሽታው ከአጥሩ ማዶ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ብልቃጡን ከእንስሳት ጤና ኬላ ስታመጡ ፀሐይ አይንካው። በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ጥላ ውስጥ ያዙት። የተከፈተውን በዚያው ቀን ጨርሱት። ላዩ ላይ የማለፊያ ቀን ተጽፏል። ቁጥር ለይታችኋልና ራሳችሁ አንብቡት፤ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከባለሙያው ጋር አስተያዩት። ሥራው ሲያልቅ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ክትባቱ የሰው ዓይን ከነካ ያቀላል። «የተከተበች ዶሮ ዕንቁላል ይበላል ወይ?» ለምትሉ፣ ይበላል።

ክትባት አንድ ጊዜ ተደርጎ ለዘላለም አይሆንም። ይህን የዓይን ጠብታ በየአራት ወሩ መድገም ነው። እኔ የምመክረው ነሐሴ፣ ታኅሣሥና ሚያዝያ ሲጠቡ ነው። ነሐሴ ለምን? መስከረም 1 ቀን እንቁጣጣሽ ነው። ታኅሣሥ ለገና፣ ሚያዝያ ለፋሲካ። በበዓል ሰሞን ዶሮ ከአገር አገር ይዞራል፤ በሽታውም አብሮ ይዞራል። ከፋሲካ በኋላም ክረምቱ ሲቃረብ ፈንግል ብዙ ጊዜ ይነሣል። ፋሲካ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ግን ሚያዝያን ሳትጠብቁ መጋቢት ላይ አስከትቡ። ክትባቱ ኃይል እስኪያገኝ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋልና በሽታው ሠፈር ከገባ በኋላ መሯሯጥ አይጠቅምም።

ከገበያ የመጣ ዶሮስ? ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ ሦስት ቢሆን ይሻላል። በሌላ ጥግ፣ በሌላ መጠጫ። በመጀመሪያ የራሳችሁን ዶሮዎች መግባችሁ ከዚያ ወደ እንግዳው ሂዱ፤ ተመልሳችሁ አትምጡ። ሳይሸጥ ከገበያ የተመለሰ የራሳችሁ አውራ ዶሮም እንግዳ ነው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቀኑን ሙሉ ከስንት ዶሮ ጋር እግሩን ታስሮ ነው የዋለው!

ወደ ዕለት ጥበቃው እንምጣ። ውኃ በየቀኑ ይለወጥ። ገልም ይሁን የቅል ስባሪ ታጥቦ ይሞላ። የቆጡ ሥር ኩስ ይጠረግ፤ ለጓሮው ጎመን ፍግ ይሆናል። ክረምት ላይ ጭሮ የሚያገኘው ስለሚያንስ ጥቂት እህል ይጨመርለት፤ ፋጉሎ ያላችሁ ከእህሉ ጋር ቀላቅሉለት።

በሳምንት አንድ ማታ ደግሞ በኩራዝም በባትሪም አብርታችሁ አውራ ዶሮውን ከቆጡ አንሡት። ማታ ስለሆነ አይታገልም። ደረቱን ዳስሱ፤ አጥንቱ እንደ ቢላ ከሾለ ከስቷል ማለት ነው፤ ትል ሊሆን ይችላልና ባለሙያ ጠይቁ። በራሱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ደማቅ ነው ወይስ ገርጥቷል? በዓይኑ ዙሪያ ቁንጫ ተጣብቆበታል? ላባውን ገለጥ አድርጉና ከክንፉ ሥርና ከጭራው ሥር ቅማልና ቅንቅን ፈልጉ። አንዱ የቅንቅን ዓይነት ቀን ቀን በቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ውሎ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጣል። ቀን ዶሮውን ብታዩት ንጹሕ ነው፤ ቆጡን ብታዩ ግን ታገኙታላችሁ። ስንጥቁ ውስጥ የፈላ ውኃ ይፍሰስበት፤ ዶሮው ከቤት ሲወጣ ማለቴ ነው። ለዶሮው መታጠቢያ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ደረቅ አፈርና የነፈሰ አመድ ሙሉበት። ራሱ ገብቶ ይንከባለላል። የእርሻ ተባይ መርዝ ግን በላባው ላይ አትርጩ! ዶሮውን ይመርዛል፤ ሥጋውንና ዕንቁላሉን የምንበላው እኛ ነን።

የእግሩ ቅርፊት ተነሣሥቶ ነጭ እከክ ካወጣ ያም በቅንቅን ነው። በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ እጠቡት፤ ሲደርቅ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት ቀቡት፤ በየጥቂት ቀኑ ድገሙት። ከሌላ አውራ ዶሮ ጋር ተጣልቶ ከቆሰለ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ እጠቡና ቁስሉን ዝንብ እንዳያርፍበት ለጊዜው ቤት አቆዩት። ለአሥር ሴት ዶሮ አንድ አውራ ይበቃል። ሁለተኛውን ለበዓል ሽጡት፤ ጠቡም ይቀራል።

በሽታው ቢገባስ? የታመመውን ለዩ። ወደ ገበያ አትውሰዱት፤ «ሳይሞት ልሽጠው» ያለ ሰው የሌላ እናት ቆጥ ያስለቅቃል። የሞተውን አቃጥሉ ወይም ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ። ወንዝ ውስጥ አይጣል። ለጤና ኬላው በዚያው ቀን ንገሩ።

አሁን ደብተሩን ግለጡ። አንድ ገጽ ላይ ከላይ «የዶሮ ክትባት» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ ሦስት መስመር አስምሩ። በመጀመሪያው «ነሐሴ»፣ በሁለተኛው «ታኅሣሥ»፣ በሦስተኛው «ሚያዝያ» ብላችሁ ጻፉ። ታኅሣሥን በየትኛው ሐ ልጻፍ ብላችሁ አትጨነቁ፤ የፈለጋችሁትን ጻፉ፣ ብቻ ይነበብ። በየወሩ ፊት ለፊት ክትባቱ የተደረገበትን ቀንና የተከተቡትን ዶሮዎች ቁጥር የምትሞሉበት ቦታ ተዉ። ገጹን ቅደዱና ከቆጡ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፉት። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ጫጩቶች እንነጋገራለን። ደኅና ሁኑ።