ሕንፃው ተረፈ፤ ነዋሪውስ?



ዛሬ ስለ ለንደኑ ኮቨንት ጋርደን እናገራለሁ። መሐል ከተማ መልሶ ሲለማ የነዋሪዎች ማኅበር ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደሚያቅተው ይህ ሰፈር ሁለቱንም ያሳያል። የለንደኑን ዓመታት የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኮቨንት ጋርደን ለዘመናት የአትክልት፣ የፍራፍሬና የአበባ ገበያ ነበር። መንገዱ በጭነት መኪና ሲጨናነቅ ገበያው ናይን ኤልምስ ወደሚባል ሌላ የለንደን ሰፈር እንዲዛወር ተወሰነ። የታላቋ ለንደን ምክር ቤትም ከሁለት የአካባቢ መስተዳድሮች ጋር በ1968 ረቂቅ ፕላን አወጣ። አብዛኛው ሰፈር ፈርሶ ሰፋፊ መንገድ፣ ሆቴል፣ ቢሮና የጉባኤ ማዕከል ሊሠራበት ነበር። በዚያ ሰፈር ግን የገበያው ወዛደሮች፣ አታሚዎችና ለቲያትር ቤቶች ልብስ የሚሰፉ ባለሙያዎች ይኖሩና ይሠሩ ነበር።

ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ነዋሪዎቹ በ1971፣ ፕላኑ ገና ወረቀት ላይ ሳለ፣ ማኅበር አቋቋሙ። በሰልፍና በስብሰባም ብቻ አልተወሰኑም፤ በዚያው ዓመት ጉዳዩን ለማጣራት በተከፈተው ይፋዊ መድረክ ቀርበው ተከራከሩ። ከፕላኑ ባለሙያዎች አንዱ የነበረው ብራያን አንሰን ከነዋሪው ጎን ቆመ፤ በዚህም ከሥራ ምድቡ ተነሣ። በ1972 ደግሞ የፕላኑን ኮሚቴ ይመሩ የነበሩት ሌዲ ዳርትማውዝ ሕዝቡ አልደገፈንም ብለው ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። በጥር 1973 ሚኒስትሩ ጄፍሪ ሪፖን ፕላኑን በመርሕ ደረጃ ሲያጸድቁ 250 ያህል ሕንፃዎችን በቅርስነት አስመዘገቡ። ፕላኑ ጸደቀ፤ የሚያፈርሰው ግን አጣ።

ድሉ ይህ ነው። ጉድለቱ ኋላ መጣ። ገበያው በ1974 ከወጣ በኋላ አሮጌው ሕንፃ ታድሶ በ1980 በሱቅና በምግብ ቤት ተከፈተ። ጎብኚ ጎረፈ፤ ኪራዩም አብሮ ናረ፤ ብዙ አነስተኛ ነጋዴና ባለእጅ ሰፈሩን ለቀቀ። የቅርስ ሕግ ግድግዳ ያቆማል እንጂ ኪራይ አያቆምም። የኦድሃምስ ማተሚያ ቤት በነበረበት ቦታ ግን ነዋሪዎቹ «ለኛ መኖሪያ ይሠራበት» ብለው ስለወተወቱ ምክር ቤቱ የኪራይ ቤቶች ሠራ። ኦድሃምስ ዎክ የሚባለው ይህ መንደር ዛሬም የሰው መኖሪያ ነው።

በኛም አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 በመልሶ ማልማት ክልል ያሉ ባለይዞታዎች፣ በፕላኑ መሠረት በግልም በጋራም የማልማት ቅድሚያ እንዲያገኙ ደንግጓል። በጋራ ለማልማት ግን አስቀድሞ መደራጀት ያስፈልጋል። ስለዚህ የእድር ዳኞችንና የሰፈር ሽማግሌዎችን የምለምነው ይህን ነው፦ የሰፈራችሁን ፕላን የተነሺ ማስታወቂያ ሳይለጠፍ ጠይቁ። ስለ ካሳው ከመነጋገራችሁ በፊትም ማን እንደሚመለስና በስንት ኪራይ እንደሚመለስ በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ።