የመንገድ ዳር ማዕድና የገበሬው ጎተራ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው ከአዲስ አበባ ደሴ የሚወስደው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሰው ከዓመታት በኋላ ስለ ጉዞው ቢጠየቅ፣ ጠመዝማዛውን ሳያነሳ በፊት የት ቁርስ እንደበላና የት ቆሎ እንደገዛ ይናገራል። እህሉ ከማን ጎተራ እንደወጣ ግን የሚያስታውስ የለም። የዚህ ንግግር መነሻም ይኸው ነው።

ሌሊት የተነሳ አውቶቡስ ለቁርስ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ብርዱ የታወቀ ነው። ትኩስ ሻይ፣ ፍርፍር፣ ለደፋሩም አረቄ አለ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ ይነሳል።

መንገደኛው የሚበላበትን ቤት የሚመርጠው ራሱ አይደለም፤ ሹፌሩ ነው። ሹፌርና ረዳት ተሳፋሪ ይዘው በመጡበት ቤት በነጻ መመገባቸው የተለመደ ሲሆን፣ ሂሳቡ ዞሮ ዞሮ ከተሳፋሪው ላይ ይወጣል። በዚህም ምክንያት ወጡ የቀጠነበት ቤት ሁልጊዜ ሰው ሞልቶት ይታያል። አዋቂ መንገደኛ የሚያየው የጭነት መኪና የቆመበትን ነው። የጭነት ሹፌር ከኪሱ ከፍሎ ይበላል፤ በሳምንቱም ተመልሶ ያልፋል። ስለዚህ ባለቤቲቱ ልታታልለው አትችልም። በእንዲህ ያለ ቤት እጅ መታጠቢያው ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ቢሆንም ሽሮው እየተንተከተከ በሸክላ ይቀርባል፤ ረቡዕና ዓርብም በያይነቱው አይጓደልም።

ከደብረ ብርሃን በኋላ መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር ይወጣና፣ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። እዚህ ምግብ ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ማዕዱ ራሱ ወደ መስኮቱ ይመጣል። መኪናው ገና ሳይቆም ሴቶችና ልጃገረዶች ቆሏቸውን ከፍ አድርገው ይሮጣሉ። "እናቴ፣ ቅመሺው፣ ካልጣመሽ አትግዢ!" ይላሉ። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ ተደባልቆ በብርጭቆ ይሰፈራል፤ ምርቃትም ይጨመርበታል። በአገራችን በቆሎው ስሙ የተጠራ ከተማ ሲነሳ ደብረ ሲናን የሚቀድመው አይገኝም።

የዚህ ቆሎ ጥሩነት ከምጣዱ ብቻ የመጣ አይደለም። የደጋው ገበሬ "ሰነፍ ገብስ" የሚለው ዘር አለ፤ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ለመፈተግ አያደክምም፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ጠመጅም እንዲሁ ለቆሎ የተመረጠ ነው። እነዚህ ዘሮች ከሌላ ገብስ ጋር በአውድማም ሆነ በመጋዘን ከተደባለቁ ግን ቆይዋ ትቸገራለች። ደቃቁ ሲያርር ትልቁ ጥሬ ይሆናል። ቆሎ ሻጭ ይህን ስለምታውቅ ለንጹሕ ዘር ጨምራ መክፈል አይከብዳትም፤ ችግሩ ንጹሑን የሚያቀርብላት ማጣቷ ነው። አርሶ አደሩ በበኩሉ ምርቱን አውድማ ላይ እንዳለ፣ ዋጋው በወደቀበት በጥርና በየካቲት ለነጋዴ ያስረክባል። ቆሎ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል።

ከዚህ የሚብሰው የነቀዝ መድኃኒት ጉዳይ ነው። በየቤቱ እህል ላይ ዱቄት መድኃኒት መነስነስ የተለመደ ሆኗል፤ መጠኑን የሚለካ ግን ጥቂት ነው። ለዘር ተብሎ የታሸ እህልም ገንዘብ ሲቸግር ወደ ገበያ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ይህ እህል ተቆልቶ በመኪና መስኮት ለሕፃን ልጅ ይገዛል። ሻጯ አታውቅም፣ ገዢውም አያውቅም፤ የሚያውቀው የነሰነሰው ሰው ብቻ ነው። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ያለ መድኃኒት ነቀዝን ስለሚገድል፣ መሠረታዊ ማኅበራት ለቆሎ የሚሆነውን ገብስና ሽምብራ በዚህ ከረጢት ለይተው ቢያስቀምጡ ወጪውን የሚያካክስ ገበያ ደጃቸው ላይ ነው።

ከደብረ ሲና በታች አየሩ ይለወጣል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ሽንኩርትና ፓፓያ በመንገድ ዳር ተደርድሮ ይታያል። በከሚሴ በኩል ደግሞ የግመል ወተት የሚያቀርቡ ቤቶች ይገኛሉ። በዚህ መስመር ያሉ ማዕዶች ብዙ ችግር አይተዋል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተማ ስትቃጠል ምግብ ቤቶቿም አብረው ነደዋል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። አውቶቡስ ሲቀር ወጥ የምትሠራው እናት እሳት አታነድም፤ ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ይበሰብሳል። ከመንገዱ ርቆ ደጋ ላይ የሚኖረው ገብስ አምራች ሳይቀር የዚያን ወራት ኪሳራ በጎተራው ቀምሶታል።

በአሁኑ ወቅት ማኅበራት ሊሞክሩት የሚገባው ሥራ ትልቅ ካፒታል የሚጠይቅ አይደለም። ጥቂት ኩንታል ንጹሕ ሰነፍ ገብስ ፈትጎና አበጥሮ ለቆሎ ሻጮች በአጭር ጊዜ ዱቤ ማቅረብ በአንድ በጋ ውጤቱ የሚታይ ነገር ነው። የወረዳ ኃላፊዎችም በበኩላቸው ለሻጮቹ ከመኪና ጎማ ራቅ ያለ፣ ጥላ ያለው መደብ ቢያዘጋጁላቸው መልካም ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የያዘን አውቶቡስ ተከትለው ከሚሮጡት መካከል ሕፃን ያዘሉ አሉ።