ብቻውን የሚወጣ መንገድ ቀያሽ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የጀብዱ ውድድር እየተባለ የሚጠራውን፣ ተወዳዳሪው ካርታና ኮምፓስ ይዞ ተራራ እየወጣ፣ ወንዝ እየተሻገረ፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሳይተኛ የሚጓዝበትን ስፖርት ተመልካቹ የሚያየው በመነሻውና በመድረሻው ላይ ብቻ ነው። በመካከል ያለውን መንገድ ግን አንድ ሰው አስቀድሞ በእግሩ ረግጦታል። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ሰው ሥራ ነው።

ብዙዎች ቀያሹ የሚፈልገው ውብ እይታና አስቸጋሪ ዳገት ይመስላቸዋል። ለዚያማ ካርታ በበቃ ነበር። ቀያሹ እግሩን የሚያደክመው ለአንድ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ነው፤ ይኸውም፣ አንድ ተወዳዳሪ እዚህ ቦታ ላይ ጉልበቱ ከድቶት ቢቀመጥ፣ ማን፣ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት ይደርስለታል? የሚለው ነው።

ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቻይና በጋንሱ ክፍለ ሀገር የተካሄደው የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ለዚህ መራራ ምስክር ነው። ከተሰለፉት 172 ሯጮች ብዙዎቹ ከሁለተኛው መቆጣጠሪያ ጣቢያ ወደ ሦስተኛው ሲወጡ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብና ብርቱ ነፋስ ወረደባቸው፤ 21 ሰዎች ሞቱ። ሦስተኛው ጣቢያ መኪና የማይደርስበት ስለ ነበር፣ እዚያ የደረሰ ሰው ምግብም ሆነ ትኩስ ነገር አያገኝም፤ ማቋረጥ ቢፈልግም የሚወጣበት መንገድ አልተዘጋጀለትም። ነፋስ የሚከላከል ልብስ በግዴታ ከሚያዙት ዕቃዎች ውስጥ አልነበረም። ውድድሩ በቀደሙት ዓመታትም ተካሂዷል፤ ጥሩ ቀን ግን የመሥመርን ጕድለት ይሸፍናል። ስድስት ሯጮች የዳኑት በአንድ እረኛ እጅ ነው፤ ልብስና ምግብ በሚያኖርበት ዋሻ አስገብቶ፣ እሳት አንድዶ አሞቃቸው። በእኔ አስተያየት፣ ከተራራ የተመለሰ ቀያሽ በማስታወሻው ውስጥ የእረኞቹን ዋሻዎች ካልጻፈ ሥራው ገና ግማሽ ነው።

ነገሩን ወደ አገራችን አምጥተን በስሜን ተራሮች እንመልከተው። ከጨነቅ ተነሥቶ በብዋሂት በር አልፎ ወደ መሸሃ ወንዝ የሚወርደውን፣ ከዚያም ወደ ራስ ደጀን የሚወጣውን መንገድ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ወንዙ 2800 ሜትር ግድም ላይ ሲሆን ጫፉ ከ4500 ሜትር በላይ ነው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ባወጣው ስሌት መሠረት ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት ይታሰባል። ርቀቱን ትተን ለዳገቱ ብቻ ወደ 3 ሰዓት ይደርሳል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ስሌቱ የወጣው ለስኮትላንድ ተራሮች እንጂ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 58 ከመቶ ያህል ብቻ ለሆነበት ከፍታ አይደለም። ሙቀቱም በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ በወንዙ ዳር በላብ የተጠመቀው ሰው ጫፉ ላይ ሲደርስ፣ ነፋሱን ሳንቆጥር፣ 11 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ አየር ይጠብቀዋል።

ካርታውም የሚሰውረው አለ። በ1፡50,000 ካርታ ላይ የከፍታ መሥመሮች በየ20 ሜትሩ ሲሠመሩ፣ የ15 ሜትር ገደል በሁለቱ መካከል ተደብቆ ሊቀር ይችላል። አሥራ አምስት ሜትር ሰው ለመግደል ይተርፋል።

ታዲያ ቀያሹ ለምን ብቻውን ይሄዳል? የአካባቢው ሰው መሪ ሆኖ ሲቀድም ቀያሹ የሚያየው የመሪውን ጀርባ ነው። ተወዳዳሪው የሚሳሳተው ደግሞ ልክ መሪው ሳያስብ በታጠፈበት ቦታ ላይ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው በመንታ መንገድ ላይ ይቆማል፤ የቆመበትንም ቦታ ሁሉ ይጽፋል። እኔ የምመርጠው መጀመሪያ ከአገሬው ጋር፣ ቀጥሎ ብቻ፣ በመጨረሻም ሌሊት ከባልደረባ ጋር መሄድን ነው። ሌሊት ብቻውን ገደል ስለ ወረደ ቀያሽ የሚወራውን ጀግንነት አልቀበለውም።

የብቸኛ ቀያሽ ትልቁ ጕድለት የሚያየው አንድ ቀን ብቻ መሆኑ ነው። በጥር ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ የተሻገረው ወንዝ በነሐሴ ሌላ ወንዝ ነው፤ የጎርፉን ልክ በዛፉ ግንድ ላይ ከቀረው ምልክትና ከወንዙ ዳር ነዋሪ አፍ ማግኘት አለበት። ውሃው ውስጥ ያለውን ደግሞ ዐይን አያየውም። በ1992 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በቦርኒዮ ደሴት፣ በሳባህ፣ በተካሄደው ኢኮ ቻሌንጅ በተባለው ውድድር፣ ሐኪሞች ካነጋገሯቸው 189 ተወዳዳሪዎች 80ዎቹ የሌፕቶስፓይሮሲስ ምልክት ታይቶባቸዋል፤ ምርመራውም ያመለከተው በሰጋማ ወንዝ መዋኘታቸውን ነው። እንግዲህ ሐኪሙ መሥመሩ ከጸደቀ በኋላ ሳይሆን ቀያሹ ማስታወሻውን ይዞ እንደ ተመለሰ መጠራት ይኖርበታል።

ስለ ራሱ ስለ ቀያሹ ደኅንነት አንድ ነገር ልጨምር። በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ በስልክ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት መሥመሩን፣ የሚያድርበትን ቦታና የሚመለስበትን ሰዓት ጽፎ ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ያም ሰው ሰዓቱ ሲያልፍ ማንን እንደሚጠራና ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ያውቃል። በመንገድ ላይ የተሻለ መሥመር ቢያይ እንኳ በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው አይወጣም፤ ቦታውን መዝግቦ በሌላ ቀን ይመለስበታል። ይህን እንደ ቢሮ ሥራ የሚያጥላሉ ወጣት ባልደረቦች መኖራቸውን አውቃለሁ። የወረቀቱን ናሙና በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ አኑሬዋለሁና በውይይቱ ሰዓት የጎደለውን ብትጨምሩበት እወዳለሁ።