ጥናቱ ወደ ተነገረበት ቤት ይመለስ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ጥናት አቀራረብ ጥቂት ለመናገር ነው። በሥነ ጽሑፍና በባህል ላይ የሚደረጉ የጥናት ጉባኤዎች በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች እየበዙ ሄደዋል። ከእኛም መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ይዘው የሚቀርቡ አሉ። ለእነዚህ ጓደኞቻችን ዘወትር የሚሰጠው ምክር ሰዓት አክብሩ፥ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፥ ወረቀታችሁን በሥርዓት አሰናዱ የሚል ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ጥናቱን የምናቀርበው ለማን ነው? የሚል ነው። በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በሻምቡ ወይም በደምቢ ዶሎ አዳራሽ ቆመን ስለ ወለጋ ሕዝብ ተረትና ምርቃት ስንናገር፥ ተረቱን የነገረን ሰው ገብቶ ቢቀመጥ የምንለውን ይሰማል ወይ? የእኛ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ባለቤቱ ሊሰማውና ሊያርመው የማይችል ጥናት ግማሽ ጥናት ነው።

እስቲ በብዙ ጉባኤ የሚታየውን እናስታውስ። ጠዋት ሽማግሌዎች ይጋበዛሉ። የባህል ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፤ ተነሥተው ይመርቃሉ፤ ይጨበጨባል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ጥናቱ በእንግሊዝኛ ይጀመራል። ሽማግሌው እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በትዕግሥት ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እርሳቸው ስለሚመርቁት ምርቃት የተጻፈ ወረቀት በፊታቸው ሲነበብ፥ የሚነበበው ስለ ምርቃት መሆኑን አያውቁም። እኛም ተማሪዎች ይህን እንደ ደንብ ቈጥረን እንለምደዋለን። ልንለምደው የሚገባን አይመስለንም።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በአፋን ኦሮሞ የሚነገረው ቃል ከአገሩ ርቆ ሲጻፍና ሲታተም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። (መጻሕፍቱ የሚጠሩት በአውሮፓ አቈጣጠር ስለ ሆነ፥ ዓመታቱን ሁሉ በዚያው እንጠቅሳለን።) ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ገኖ ሁለቱም በልጅነታቸው በባርነት ተነጥቀው ከአገራቸው የወጡ ሰዎች ነበሩ። አስቴር በልጅነቷ የሰማችውን ተረት፥ ምሳሌያዊ አነጋገር፥ እንቆቅልሽና ዘፈን ከልቧ እያወጣች ጻፈች፤ ቁጥሩም 500 ያህል እንደ ነበር ይነገራል። ከዚህም ብዙው በ1894 በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ኦኔሲሞስ የተረጐመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ አሳትመው በዚያው አልቀሩም። በ1904 ወደ ወለጋ መጥተው በነቀምቴ ማስተማር ጀመሩ፤ ኦኔሲሞስም እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1931 ድረስ በዚሁ አገር ሠራ። ሥራቸውን ወደ ሕዝቡ መልሰው አምጥተው፥ ሕዝቡ እንዲያነበው ትምህርት ቤት ከፈቱ። ለእኛ የመጀመሪያው ምሳሌ ይህ ነው።

ከእነርሱ በኋላ ግን መንገዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ አዘነበለ። ኤንሪኮ ቼሩሊ የሰበሰበው የኦሮሞ የቃል ግጥምና ተረት በ1922 በአሜሪካ በሃርቫርድ ታተመ። በምዕራብ ወለጋ ለብዙ ዘመን የኖሩት አባ ላምበርት ባርተልስ ስለ ምዕራብ ኦሮሞ እምነትና ሥርዓት የጻፉት ታላቅ መጽሐፍ በ1983 በበርሊን ወጣ። የደምቢ ዶሎው ተወላጅ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ፥ ኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት፥ ስለ ሰዮ ኦሮሞ ታሪክ የጻፉትን የዶክትሬት ድርሰት በ1984 ለፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ አቀረቡ። እነዚህ ሁሉ ልናከብራቸው የሚገቡ ሥራዎች ናቸው፤ እነርሱ ባይጽፉት ብዙው ነገር ዛሬ ባልተገኘም ነበር። ሆኖም የሚያስተውል ሰው አንድ ነገር ያያል፤ የወለጋ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን ለማንበብ የሌላ አገር ቋንቋና የሌላ አገር ቤተ መጻሕፍት ያስፈልገው ነበር።

ስለ ጉባኤዎችም ብናስብ እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ የተደረገው በ1959 በሮማ ነው፤ ሁለተኛው በ1963 በማንቸስተር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በሦስተኛው፥ በ1966 ነው። በአገራችን ውስጥ ከአዲስ አበባ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው ደግሞ በ2012 በድሬዳዋ ነው። ከሮማ እስከ ድሬዳዋ 53 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

በዚህ መካከል ግን የተማሪዎች ሥራ እንደ ነበረ መዘንጋት የለብንም። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር ነበር። አባሎቹ ስለ ትውልድ አገራቸው ልማድ፥ ሠርግና ለቅሶ፥ እርሻና እምነት እየጠየቁ ይጽፉ ነበር፤ ጽሑፋቸውም በማኅበሩ መጽሔት ይወጣ ነበር። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ነበሩ። ሆኖም ያ መጽሔት ከአርባ ዓመት በኋላ በ2002 እንደ ገና ታትሞ ዛሬም ይጠቀሳል። እንግዲህ ተማሪ ነን፥ ምን እናውቃለን ማለት አያዋጣም።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በነቀምቴ ከ2007 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በጊምቢና በሻምቡም ቅርንጫፍ አለው፤ ደምቢ ዶሎም የራሷን ዩኒቨርሲቲ አግኝታለች። ጥናት የሚቀርብበት አዳራሽና ጥናቱ የተነገረበት ቤት በአንድ ከተማ ተገናኝተዋል። ስለዚህ በሮማና በማንቸስተር ያልተቻለው ነገር እዚህ ይቻላል፤ ይኸውም የነገረን ሰው ሰምቶ «ልጄ፥ እንዲህ አላልሁም» ሊለን መቻሉ ነው። ይህን ዕድል እንዴት እንጠቀምበት? በእኛ በኩል የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፥ ቃሉ ይቅደም። ለአንድ ወረቀት 20 ደቂቃ ቢሰጥ፥ አብዛኛውን ጊዜ 12ቱ በውጭ ሊቃውንት ንድፈ ሐሳብ ያልቃል፤ ጌረርሳው የሚደርሰው የስብሰባው መሪ ሰዓቱን ሲያሳይ ነው፤ እርሱም በትርጕም ብቻ ይነበባል። ይህ ተገልብጦ መሠራት አለበት። መጀመሪያ ቃሉን በተነገረበት ቋንቋ እናሰማ፤ ከዚያ እንተርጕም፤ ከዚያ እናብራራ። አንድ ምሳሌ እንስጥ። በወለጋ «ቡና ቀላ» የሚባል ሥርዓት አለ፤ ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ይዘጋጃል። ይህን «የቡና ሥነ ሥርዓት» ብሎ የተረጐመ ሰው ነገሩን አሳልፎታል፤ ምክንያቱም «ቀላ» ማለት ማረድ ነው። ሕዝቡ ቡናን «ያርዳል» እንጂ ያፈላል አላለም። በዚህች በአንዲት ቃል ውስጥ ስለ መሥዋዕትና ስለ በረከት ያለው አስተሳሰብ ተቀምጧል። ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ ቃሉን ማሰማት ያስፈልጋል፤ ከቤት የመጣች አንዲት እናት በአዳራሹ ብትኖር ደግሞ ከማናችንም አብልጣ ታስረዳዋለች።

ሁለተኛ፥ የፊደልን ነገር እንወቅ። የኦኔሲሞስና የአስቴር ሥራዎች የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1991 ጀምሮ ግን አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፥ በቁቤ ነው፤ ልጆችም የሚማሩት በዚሁ ነው። ቁቤ መጥበቅና መላላትን፥ የድምፅንም መርዘምና ማጠር ለይቶ ያሳያል። የግዕዙ አጻጻፍ አያሳይም። ለምሳሌ «በዳ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ መጥፎ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደጋ ማለት ነው። አንባቢው ቋንቋውን ካላወቀ የደጋውን አገር መጥፎ አገር ብሎ ሊተረጕመው ይችላል። በሌላ ወገን ደግሞ ቁቤ ብቻ የተማረ ወጣት የ1894ቱን መጽሐፍ ገልጦ ሊያነበው አይችልም። የታሪክ ሰነዶችም እንዲሁ ናቸው። የነቀምቴው ገዢ የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳና የደጃዝማች ጆቴ ቱሉ ደብዳቤዎች የተጻፉት በአማርኛ ነው፤ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ አሰናድተው በ2004 አሳትመዋቸዋል። እንግዲህ ወለጋን የሚያጠና ሰው አንዱን ቋንቋ ወይም አንዱን ፊደል ንቆ የትም አይደርስም። አፋን ኦሮሞ የሚያውቅና አማርኛ የሚያውቅ ሁለት ተማሪዎች አንድ ወረቀት አብረው ቢያዘጋጁ፥ ከሁለት የተለያዩ ወረቀቶች የበለጠ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ሦስተኛ፥ ከማን፥ የት፥ መቼ እንደ ሰማን እንናገር። «ከአንድ ሽማግሌ የተገኘ» ማለት አይበቃም፤ ባለሙያ ተራኪ እንደ ደራሲ ስሙ ሊጠራ ይገባዋል። ነገር ግን ፈቃዱን እንጠይቅ። ጌረርሳ የአዳኝና የጀግና ፉከራ ብቻ አይደለም፤ ችግርንና በደልን የሚናገርም አለ። ባለፉት ዓመታት በወለጋ በደረሰው ግጭት የተለያየ ቋንቋ የሚናገር ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ በ2020 መጀመሪያም ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሰውን ስምና መንደር በስክሪን ላይ አስፍሮ ማሳየት እርሱን ለአደጋ ሊያጋልጠው ይችላል። እኛ ወረቀታችንን አንብበን ወደ ክፍላችን እንመለሳለን፤ እርሱ ግን ከጐረቤቶቹና ከሹማምንቱ ጋር ይኖራል። ስሙ እንዳይጠራ ከፈለገ እንሰውረው፤ ጥናቱ በዚህ አይጐድልም።

አራተኛ፥ ለያንዳንዱ ወረቀት አንድ ገጽ ማጠቃለያ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይዘጋጅ። እንግሊዝኛ ይቅር አላልንም። መምህሮቻችን ሥራቸው በዓለም እንዲታወቅ፥ ማዕረጋቸውም እንዲያድግ በእንግሊዝኛ መጻፍ ግድ እንደሚሆንባቸው እናውቃለን፤ የባርተልስም መጽሐፍ ባሕር የተሻገረው በዚያው ቋንቋ ነው። እኛ የምንለው ዓለም ሲሰማ ቤቱ አይደንቍር ነው። አንድ ገጽ ለመጻፍ አንድ ማታ ይበቃል፤ በወረቀትም ቢባዛ ወጪው ከምሳ ግብዣው ያነሰ ነው።

አምስተኛ፥ በጥያቄ ጊዜ የመጀመሪያው ዕድል ለባለቤቶቹ ይሰጥ። በጉባኤ ላይ ጥያቄ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂው የራሱን ዕውቀት የሚያሳይበት ንግግር ነው። ሽማግሌውና እናቲቱ መጀመሪያ ቢጠየቁ፥ «ይህ ምርቃት በሠርግ እንጂ በለቅሶ አይባልም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ስንት ገጽ ያቃናል። ተማሪውም ሲታረም አይፈር፤ ስሕተት በመጽሐፍ ከታተመ በኋላ ከሚታረም በአዳራሽ ቢታረም ይሻላል።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፥ የወሰድነውን እንመልስ። ድምፅ የቀዳንበት ሰው ቅጂውን ያግኝ። ማንበብ ባይችል የልጅ ልጁ ያነብለታል፤ ዛሬ በስልክም ሊሰማው ይችላል። ሌላ ቅጂ ለመንደሩ ትምህርት ቤት፥ ሌላም ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ። ተራኪዎቻችን እያረጁ ነው፤ የተፈናቀለውም ሕዝብ ሲበተን ተረቱ ሰሚ ያጣል። በአንድ ተማሪ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ያለ ድምፅ ኮምፒዩተሩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል።

ጓደኞቻችን፤ በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱ የጠፋው ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል። እርሱም ጐንደርንም ሐረርንም ሰጥቶ ይገላገላል፤ መልሱም ከዚያ በኋላ ይነገረዋል። በጨዋታ ሲሆን ደስ ያሰኛል። በጥናት ሲሆን ግን መልሱን የሚያውቁት ሰዎች ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሳለ አገር ሰጥቶ መልስ ከሩቅ መጠበቅ አይገባም። ይልቅስ ዞር ብለን እንጠይቃቸው፤ ሲመልሱም ቁጭ ብለን እንጻፍ።

በሚመጣው ጉባኤ ወረቀት የምታቀርቡ ሁሉ ቢያንስ አንድ የነገራችሁን ሰው ይዛችሁ እንድትመጡ፥ አንድ ገጽም በሚሰማው ቋንቋ እንድታዘጋጁለት እንለምናለን። መምህሮቻችንም ፕሮግራሙን ሲያወጡ ለዚህ ቦታ እንዲተዉልን በትሕትና እንጠይቃለን።